ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው የዕፅዋት መድኃኒትን እንዴት ይሞክር?

ሩማቶይድ አርትራይተስ እንዳለባችሁ ሰው ከሰማ ምክር አይቀርላችሁም። እርድ ጠጡ፣ ዝንጅብል ቀቅሉ፣ እጣን ዋጡ፣ ይህን ሥር ፈጭታችሁ ያዙ፣ ያንን ዘይት ተቀብታችሁ ተኙ። አንዳንዱ ከልቡ ተጨንቆላችሁ ነው፣ አንዳንዱ የሚሸጠው ነገር ስላለው ነው። ሕመሙ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ጠዋት የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው ሰው «እስቲ ይህንንም ልሞክረው» ቢል የሚፈርድበት የለም።

ይህን የምጽፈው ዕፅዋትን ለማጣጣል አይደለም። አስፕሪን የመጣው የአኻያ ዛፍ ቅርፊት ውስጥ ያለውን ሳሊሲን የተባለ ውህድ ሲያጠኑ ነው፤ ፊሊክስ ሆፍማን ባየር ውስጥ ንጹሑን አስፕሪን የሠራው በ1897 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዛሬ ለዚሁ በሽታ የሚታዘዘው ሃይድሮክሲክሎሮኪን እንኳ የዘር ሐረጉ ቢቆጠር ሲንኮና ዛፍ ላይ ይደርሳል። በ1820 ከሲንኮና ቅርፊት ኩዊኒን ተነጥሎ ወጣ፣ ኬሚስቶች በኋላ ሰው ሠራሽ የወባ መድኃኒቶችን ሠሩ፣ ከነዚያ አንዱ ዞሮ ዞሮ የመገጣጠሚያ መድኃኒት ሆነ። ተክል መድኃኒት ይሆናል፣ በዚህ ክርክር የለኝም። ግን የቱ ተክል? የቱ ክፍሉ? ምን ያህል? ለማን? ከየትኛው መድኃኒት ጋር? እነዚህን ሳይጠይቁ መጀመር ነው ሰው የሚጎዳው።

መጀመሪያ በሽታችሁን እወቁት

መገጣጠሚያ የሚያም በሽታ ሁሉ አንድ አይደለም። በዕድሜና በጫና የሚመጣው ኦስቲዮአርትራይተስ ሌላ ነው፣ ዩሪክ አሲድ ተከማችቶ የሚያመጣው የእግር አውራ ጣት ሕመም ሌላ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ደግሞ የራሳችን የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ተሳስቶ መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ቲኤንኤፍ እና ኢንተርሉኪን 6 የሚባሉ የብግነት (የማበጥ፣ የመቅላትና የመጋል) መልእክተኞች በብዛት ይለቀቃሉ፣ ቆይቶም የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል (ካርቲሌጅ) እና አጥንቱ ራሱ መበላት ይጀምራል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጣቶች፣ ከእጅ አንጓና ከእግር ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ነው። በሁለቱም በኩል ተመሳስሎ ይመጣል፣ ጠዋት ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ግትር አድርጎ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 ከበሽታው ጋር የሚኖሩት 18 ሚሊዮን ሰዎች ያህል ነበሩ፤ ከነዚህ 70 በመቶ ገደማ ሴቶች ናቸው።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። «ለመገጣጠሚያ ፍቱን» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ተክል የተጠናው፣ ከተጠናም፣ በኦስቲዮአርትራይተስ ላይ ነው። ለጎረቤት ጉልበት የሠራ ነገር ለናንተ ጣቶች ላይሠራ ይችላል፤ በሽታው ሌላ ነዋ። ስለዚህ የደም ምርመራ (ሩማቶይድ ፋክተር፣ ፀረ ሲሲፒ፣ የብግነት መጠን የሚያሳየው ሲአርፒ) እና የሐኪም ምርመራ ሳይኖር «ይሄ ቁርጥማት ነው» ብላችሁ ሥር መፈለግ አትጀምሩ።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። አንዴ የተበላ አጥንት አይመለስም። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት በጣም ውድ ናቸው፤ በነዚያ ወራት በሽታውን በሜቶትሬክሴት ወይም በመሰል መድኃኒት የያዘ ሰውና አንድ ዓመት ቅጠል ሲቀያይር የቆየ ሰው ከ10 ዓመት በኋላ እጃቸው አንድ አይሆንም። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? እዚህ ግን ሳይቃጠል የሚያደርሰው ቅጠሉ ሳይሆን የታዘዘው መድኃኒት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የታዘዘላችሁን ሳታቋርጡ ከጎኑ ልትጨምሩት ለምታስቡት ነገር ነው። መድኃኒቱን ጥሎ ተክሉን መያዝ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሚሆነው።

ሜቶትሬክሴት ካልተስማማችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ ወይም ካስፈራችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። መጠኑን ማስተካከል፣ ፎሊክ አሲድ መጨመር፣ በመርፌ መስጠት፣ ወደ ሌላ መቀየር ይቻላል። መንገድ አለ።

«አይጥ ላይ ሠራ» ሲሏችሁ

አሁን ዋናው ሥራ። አንድ ሰው ስለ አንድ ተክል ሲነግራችሁ ወይም አንድ ጽሑፍ ስታነቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት፦ የተሞከረው በምን ላይ ነው? በብርጭቆ ሳህን ውስጥ ባለ ሕዋስ፣ በአይጥ፣ ወይስ ይህ በሽታ ባለበት ሰው?

የብርጭቆ ሳህኑ በጣም ለጋስ ነው። ከእርድ የሚገኘው ኩርኩሚን ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለውን የብግነት ማብሪያና ማጥፊያ ይገታል፤ እውነት ነው፣ ተደጋግሞ ታይቷል። ግን ኩርኩሚን ብርሃን ሲያርፍበት የራሱን ብርሃን መልሶ ያወጣል፣ ከብዙ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፣ ይበታተናል። በዚህ የተነሳ በቤተ ሙከራ ፈተናዎች ውስጥ ያልሠራውን እንደሠራ አድርጎ የማሳየት ጠባይ አለው። የመድኃኒት ኬሚስቶች ይህን በ2017 በሰፊው ጽፈውበታል። ከሳህኑ አልፎ ሆድ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አብዛኛው ሳይመጠጥ ይወጣል፣ የገባውንም ጉበት ፈጥኖ ይቀይረዋል።

አይጥ ላይ ሲደርስም መጠንቀቅ ነው። ተመራማሪዎች አይጧ ላይ ኮላጅን ወይም ሌላ የመከላከያ ኃይልን የሚቀሰቅስ ነገር ወግተው መገጣጠሚያዋ እንዲያብጥ ያደርጋሉ። ብዙ ጊዜ ተክሉን መስጠት የሚጀምሩት ገና እብጠቱ ሳይመጣ ወይም እንደመጣ ነው። እናንተ ግን በሽታው ከያዛችሁ ወራት ወይም ዓመታት ሆኗችኋል።

መጠኑን ራሳችሁ አስሉት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ጥናት ለትልቋ የላቦራቶሪ አይጥ በኪሎ ክብደቷ 200 ሚሊግራም ኩርኩሚን ሰጠ እንበል። በመድኃኒት ምርምር በተለመደው ስሌት ወደ ሰው ለመቀየር በ6.2 ይካፈላል፤ በኪሎ 32 ሚሊግራም ይመጣል። ሰውየው 60 ኪሎ ቢሆን በቀን 1.9 ግራም ንጹሕ ኩርኩሚን ማለት ነው። የእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ደግሞ በክብደት 3 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ያንን ለማግኘት በቀን ከ60 ግራም በላይ የእርድ ዱቄት መዋጥ አለበት። አንድ የሻይ ማንኪያ 3 ግራም ያህል ነው የሚይዘው። «እርድ የመገጣጠሚያ ብግነትን እንደሚፈውስ በጥናት ተረጋገጠ» የሚለው ርዕስና ብርጭቋችሁ ውስጥ ያለችው ማንኪያ ምን ያህል እንደተራራቁ አያችሁ? ይህችን ስሌት የለመደ ሰው ከሚያነበው ውስጥ ግማሹን እዚያው ይተወዋል።

ሰው ላይ ሲሞከር የታየው

በ2011 ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ቡድን ዕፅዋት በሩማቶይድ አርትራይተስ ላይ የተሞከሩባቸውን 22 ጥናቶች ሰብስቦ መዝኗቸዋል። ስሙ የናኘው ሁሉ ውጤት አልነበረውም፣ ብዙ ያልተወራለት ደግሞ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። እኔም ከሱና ከዚያ ወዲህ ከወጡት ውስጥ ማወቅ ያለባችሁን ልንገራችሁ።

የአኻያ ቅርፊት። የአስፕሪን አያት ነውና ይሠራል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነው። በ2004 በወጣ ጥናት 240 ሚሊግራም ሳሊሲን ያለው ኤክስትራክት (ከተክሉ ተነጥሮ የወጣ) ሩማቶይድ አርትራይተስ ላለባቸው ሰዎች ለ6 ሳምንት ተሰጠ፤ ለማወዳደሪያ ከሚሰጠው፣ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ኪኒን አልተሻለም። ጥናቱ 26 ሰው ብቻ የያዘ ትንሽ ጥናት ነው፣ ግን በሱ ላይ ገንዘብ እንድታወጡ አልመክርም።

ፊቨርፊው የሚባለው አበባ በ1989 በ41 ሴቶች ላይ ተሞክሮ የሚታይ ጥቅም አላመጣም። የእጣን ሙጫ (ቦስዌሊያ) በብርጭቆ ሳህን ውስጥ ጥሩ ይመስላል፤ የብግነት ኬሚካል የሚሠራ አንድ ኢንዛይም ይገታል። በ1998 በሩማቶይድ አርትራይተስ ሕመምተኞች ላይ ሲሞከር ግን ልዩነት አልታየም። ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ የተሻለ ማስረጃ አለው፤ ሰው የሚያወራው እሱን ነው።

እርድ። በ2012 በ45 ሕመምተኞች ላይ 500 ሚሊግራም ኩርኩሚን ዳይክሎፌናክ ከተባለው የሕመም ማስታገሻ ጋር ተወዳድሮ የኩርኩሚኑ ቡድን ጥሩ ውጤት አሳየ። ደስ ይላል። ግን ቡድኑ በሦስት የተከፈለ ነው፣ ለእያንዳንዱ 15 ሰው ነው የሚደርሰው፣ ባዶ ኪኒን የወሰደ ቡድንም አልነበረም። «ተስፋ ሰጪ» ማለት ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ግን ጥናቱ አይሸከመውም። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በቀን 1500 ሚሊግራም የዝንጅብል ዱቄት ለ12 ሳምንት 70 ሰዎች ላይ ከባዶ ኪኒን ጋር አወዳድሮ የበሽታው መጠን መለኪያ ሲቀንስ አይቷል። ይህም ጥሩ ጅምር ነው፣ ሌሎች ደግመው ሊያዩት ይገባል።

ጋማ ሊኖሌኒክ አሲድ። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል የምለው ይህን ነው፤ የኮክሬን ግምገማም ሕመምን ሊቀንስ እንደሚችል መካከለኛ ማስረጃ አግኝቶለታል። ከኢቭኒንግ ፕሪምሮዝ፣ ከቦሬጅና ከጥቁር ከረንት ዘር የሚጨመቅ ዘይት ውስጥ ያለ ስብ ነው። ሰውነታችን ብግነት ወደሚያበርዱ ነገሮች ይቀይረዋል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። በ1993 የተሳካው ጥናት በቀን 1.4 ግራም ለ24 ሳምንት ነው የሰጠው። አሁን የዕቃውን ጀርባ አንብቡ፦ «ኢቭኒንግ ፕሪምሮዝ 1000 ሚሊግራም» የሚለው የዘይቱ ክብደት ነው። ከዚያ ውስጥ ጋማ ሊኖሌኒኩ 9 በመቶ ገደማ፣ ማለትም 90 ሚሊግራም ያህል ነው። የጥናቱን መጠን ለማግኘት በቀን 15 ወይም 16 እንክብል ያስፈልጋል። የቦሬጅ ዘይት ከ20 በመቶ በላይ ስላለው በ6 ወይም በ7 እንክብል ይደርሳል። በቀን አንድ እንክብል ውጦ «አልሠራልኝም» ያለ ሰው ነገሩን ገና አልሞከረውም። ቦሬጅ ከሆነ ታዲያ ጉበት የሚጎዱት ፒሮሊዚዲን አልካሎይዶች እንደተወገዱለት ዕቃው ላይ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ተዉት።

የነጎድጓድ አምላክ ሐረግ። በሳይንስ ስሙ ትሪፕተሪጂየም ዊልፎርዲ ይባላል፣ ቻይና ውስጥ የቆየ መድኃኒት ነው። ይህ በእውነት ኃይለኛ ነው። በ2009 አሜሪካ ውስጥ በ121 ሰዎች ላይ ለዚህ በሽታ ከሚታዘዘው ሰልፋሳላዚን ጋር ተወዳድሮ፣ ጥናቱን ከጨረሱት መካከል 65 በመቶው 20 በመቶና ከዚያ በላይ ተሻላቸው፣ በሰልፋሳላዚን በኩል 33 በመቶ። (ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አቋርጧል፣ ይህም ይታሰብ።) በ2014 ቻይና ውስጥ በ207 ሰዎች ላይ የተሠራው ደግሞ ከሜቶትሬክሴት ጋር አወዳደረው። 50 በመቶ መሻሻል ያገኙት በሜቶትሬክሴት 46.4 በመቶ፣ በተክሉ 55.1 በመቶ፣ ሁለቱን አብረው በወሰዱት 76.8 በመቶ ነበሩ።

እነዚህን ቁጥሮች ያየ ሰው ልቡ ቢዘል አይደንቅም። ቀሪውንም ስሙ። በጥናቶቹ የተሰጠው ከሥሩ ውስጠኛ ክፍል በጥንቃቄ የተዘጋጀና መጠኑ የተለካ ኤክስትራክት ነው። የሥሩ ቆዳ፣ ቅጠሉና አበባው መርዝ ናቸው፣ ይገድላሉ። በትክክል የተዘጋጀውም የወር አበባ ሊያቋርጥ፣ የወንድ ዘር ቁጥርን ሊያወርድ፣ አጥንት ሊያሳሳ፣ ኩላሊትና የደም ሕዋስ ሊጎዳ ይችላል። ትሪፕቶላይድ የሚባለው ዋናው ውህድ የሚጠቅመውም የሚመርዘውም በተቀራረበ መጠን ነው። ይህን ተክል ሐኪም አዝዞ በደም ምርመራ ካልተከታተለው በስተቀር፣ በኢንተርኔት አዝዞ መዋጥ በሕይወት መጫወት ነው። ልጅ መውለድ የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይነሳ።

ሲኖሜኒን እና የነጭ ፒዮኒ ሥር ውህዶችም ቻይና ውስጥ ለዚህ በሽታ ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ሂስታሚን ስለሚለቅ ማሳከክና ሽፍታ ያመጣል፣ ሁለተኛው ሆድ ያላላል። ሁለቱም በሐኪም እጅ የሚያዙ ናቸው።

የሚቀባም አለ፦ ከቃሪያና ከሚጥሚጣ የሚገኘው ካፕሳይሲን። 0.025 በመቶ የያዘው ቅባት በቀን 4 ጊዜ ሲቀባ ሕመም የሚያስተላልፉትን ነርቮች ያደክማል። በሽታውን አይነካም፣ ግን የአንድ ጉልበት ወይም የአንድ አንጓ ሕመም ሲያስቸግር ይረዳል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያቃጥላል። ከቀባችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ዓይን አትንኩ፣ የተላጠ ቆዳ ላይ አታድርጉት።

አብሮ የማይሄደውን ለዩ

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ ከመድኃኒቴ ጋር አይጣላም» የሚለው ውሃ አያነሳም። ጉበት የኪኒኑንም የቅጠሉንም ውህድ የሚያስተናግደው በዚያው ኢንዛይም ነው።

ሜቶትሬክሴት ወይም ሌፍሉኖማይድ የምትወስዱ ከሆነ ጉበታችሁ ቀድሞውኑ ሥራ በዝቶበታል። በ2019 ጣሊያን ውስጥ ከእርድ ሰፕሊመንት ጋር የተያያዙ የጉበት ብግነቶች ተመዝግበው የጤና ባለሥልጣናት ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል፤ ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ አይተዋል። ነገሩ ያለው ምግብ ላይ በሚጨመረው ቁንጥጫ አይደለም፣ እንክብሉ ውስጥ በተከማቸው ነው፤ በተለይ ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣው ፒፐሪን ሲጨመርበት። ፒፐሪን ኩርኩሚን ወደ ደም የሚገባበትን መጠን 20 እጥፍ ያህል እንደሚያሳድግ በ1998 ታይቷል፣ ሻጮችም ይህን በኩራት ይጽፉታል። ግን ያው ፒፐሪን እንደ ፌኒቶይን (የሚጥል በሽታ መድኃኒት) ያሉ ሌሎች መድኃኒቶችም በደም ውስጥ ከፍ እንዲሉ ያደርጋል። ለኩርኩሚን ብቻ በር ከፍቶ ለሌላው አይዘጋም።

ደም የሚያቀጥን ነገር (ዋርፋሪን፣ አስፕሪን) የሚወስድ ሰው በእንክብል የተከማቸ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጊንኮና የአኻያ ቅርፊት ከመጀመሩ በፊት ያማክር። ቀዶ ሕክምና ካለባችሁ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድማችሁ አቁሙ፣ ለሐኪሙም ንገሩት። የአኻያ ቅርፊት ሌላም ጣጣ አለው፤ ሳሊሲሌት ሜቶትሬክሴት በኩላሊት የሚወጣበትን ፍጥነት ሊቀንስ ይችላል። ሊኮሪስ የሚባለው ሥር ፕሬድኒሶሎን ከተባለው ስቴሮይድ ጋር ፖታሲየም ያወርዳል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ተክል ደግሞ ቶፋሲቲኒብን (የዚሁ በሽታ መድኃኒት ነው) ከሰውነት ቶሎ አስወጥቶ ከንቱ ሊያደርገው ይችላል። ኤኪኔሺያና «የመከላከያ ኃይል ያነቃቃል» የሚባል ማንኛውም ነገር... የናንተ መከላከያ ኃይል ችግሩ መንቃቱ ነው፣ ባትጨምሩበት ይሻላል።

ስትገዙ

እዚህ ላይ ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ፣ ሁለቱም እውነት ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅዋት የወሰዱ ከ100 በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ፣ የብዙዎቹም ጨርሶ ሥራ አቆመ። ስቴፋኒያ የሚባል ሥር መግባት ሲገባው በቻይንኛ ስሙ የሚመሳሰል አሪስቶሎኪያ ገብቶ ነበር። አሪስቶሎኪክ አሲድ ኩላሊት ከመግደሉም በላይ ካንሰር ያመጣል። ስቴፋኒያ ራሱ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዝ ሥር ነው፣ ስለዚህ ስህተቱ ለናንተም ሩቅ አይደለም። ተፈጭቶ የመጣ ሥር በዓይን አይለይም።

ሁለተኛው፦ በ2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን አርትሪ ኪንግ ስለተባለው የመገጣጠሚያ «ሰፕሊመንት» ተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሲመረመር ውስጡ ዕቃው ላይ ያልተጻፉ ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን ተገኙ። ዴክሳሜታዞን ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ የዋጠው ሰው በቀናት ውስጥ ዘሎ ይነሳል፣ «ተአምር ነው» ይላል፣ ለሌላውም ይመክራል።

ስለዚህ አንድ ተክል በሦስትና በአራት ቀን ካዳናችሁ፣ ፊታችሁ ክብ ከሆነ፣ ስኳራችሁ ወይም ግፊታችሁ ከወጣ፣ ስቴሮይድ ተደብቆበታል ብላችሁ ጠርጥሩ። ደንግጣችሁ ግን በአንድ ጊዜ አታቁሙት። ለሳምንታት ስቴሮይድ የለመደ ሰውነት የራሱን ኮርቲዞል መሥራት ትቷል፤ ድንገት ሲቋረጥ ራስን ስቶ እስከ መውደቅ ያደርሳል። ዕቃውን ይዛችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።

ስትመርጡ ማሸጊያው ላይ የተክሉ የላቲን ስም፣ የትኛው ክፍሉ እንደሆነ፣ የዋናው ውህድ መጠን በሚሊግራም፣ የምርት ቁጥርና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን መኖር አለባቸው። ገለልተኛ ቤተ ሙከራ መርምሮ ያረጋገጠው ቢሆን በጣም ይሻላል። «ምስጢራዊ ቅመማ» የሚለውን፣ 10 ተክል በአንድ ላይ የደባለቀውን፣ ሁሉንም በሽታ እፈውሳለሁ የሚለውን አትንኩ። የእርድ ዱቄትም ቢሆን ቀለሙ እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት ተጨምሮበት የተገኘባቸው ጊዜያት አሉ፤ ሊድ ደግሞ መርዝ ነው።

ሙከራው ራሱ

በሽታችሁ በመድኃኒት ተይዟል፣ ሐኪማችሁ ያውቃል፣ የሚጣላ ነገር የለም፣ ዕቃው የታመነ ነው እንበል። አሁን በሥርዓት ሞክሩ።

ምንም ሳትጀምሩ ለ2 ሳምንት መዝግቡ። በየቀኑ ጠዋት መገጣጠሚያችሁ እስኪላላ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ስንት መገጣጠሚያ አብጧል (በዓይንና በጣት እየነካችሁ ቁጠሩ)? ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው? አንድ የእጅ ሥራም ምረጡ፤ የጠርሙስ ክዳን መክፈት ወይም ጣቶችን መዳፍ እስኪነኩ ማጠፍ ይበቃል። ሁልጊዜ ያችኑ ሥራ ፈትሹ። ይህ በሽታ በራሱ ይነሳል፣ በራሱ ይበርዳል። ሰው አዲስ ነገር የሚጀምረው ደግሞ ሲብስበት ነው። በሳምንቱ መብረዱ ላይቀር ምስጋናው ለቅጠሉ ይሄዳል። ከጽሑፍ ውጪ ይህን የሚለይላችሁ ነገር የለም።

አንድ ነገር ብቻ ጀምሩ። እርድም ዝንጅብልም ዘይትም በአንድ ሳምንት ከጀመራችሁ የሠራውንም የጎዳውንም አታውቁትም። በዚያው ወር ሐኪማችሁ የመድኃኒት መጠን ከቀየረ ተክሉን አዘግዩት። ከመጀመራችሁ በፊት የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ይኑራችሁ፤ ሜቶትሬክሴት ላይ ያላችሁ ለክትትል የምትሰጡት ደም ስላለ ቀኑን ከሱ ጋር ማገጣጠም ትችላላችሁ።

የማቆሚያ ቀኑን ከመጀመሪያው ጻፉት። 12 ሳምንት በቂ ነው፣ ለጋማ ሊኖሌኒክ አሲድ እስከ 24 ሳምንት። ቀኑ ሲደርስ ማስታወሻውን ከመጀመሪያው 2 ሳምንት ጋር አስተያዩት። ያልተለወጠ ከሆነ አቁሙ። ገንዘባችሁም ጉበታችሁም ለሌላ ነገር ይቆይ።

ተሻሽሎ ከሆነ ደግሞ ምኑ እንደተሻሻለ እዩ። ሕመሙ ቀንሶ እብጠቱ እንዳለ ካለ፣ ሲአርፒውም ካልወረደ፣ ያገኛችሁት ማስታገሻ ነው። ማስታገሻ አይናቅም፣ ሌሊት መተኛት ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በሽታው ከሥር አጥንቱን እየበላ ነው፣ ስለዚህ ዋናውን መድኃኒት ለመቀነስ ምክንያት አይሆንም። እብጠቱም ሲአርፒውም ከወረዱ ውጤቱን ለሐኪማችሁ አሳዩ። መድኃኒት መቀነስ ካለበት ቀስ እያለ የሚቀንሰው እሱ ነው፣ ያውም በሽታው ለወራት ጸጥ ብሎ ከቆየ በኋላ።

በመሃል ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ሰገራ ጥቁር ከሆነ፣ ሰውነት ካሳከከ፣ በትንሽ ነገር ከበለዘ፣ ሽንት ከቀነሰ ወይም ትኩሳት ከመጣ ተክሉን አቁማችሁ ወዲያው ታከሙ። ያረገዘች፣ ለማርገዝ የምታስብ ወይም የምታጠባ ሴት በእንክብል የተከማቸ ማንኛውንም የተክል ውህድ ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጀምር።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ

ብዙ ሰው ተክል መውሰዱን ይደብቃል፤ ይቆጣኛል ብሎ ነው። አትደብቁ። የጉበታችሁ ምርመራ ሲበላሽ ሐኪሙ ጥፋቱን ሜቶትሬክሴት ላይ ይጥልና የሚጠቅማችሁን መድኃኒት ያቋርጠዋል፣ የጎዳችሁ ግን ቤት ያለው እንክብል ነበር። ይህ በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ነገር ነው።

ዕቃውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም ፊቱንና ጀርባውን በስልክ ፎቶ አንሱት። «ይህን ለ12 ሳምንት መሞከር እፈልጋለሁ፣ መድኃኒቴን አላቋርጥም፣ ከምወስደው ጋር ይጣላል ወይ? የጉበት ምርመራዬን መቼ እንድገመው?» በሉት። እንዲህ የተዘጋጀ ጥያቄ ይዞ የመጣን ሰው አብዛኛው ሐኪም በደንብ ያዳምጠዋል። ሐኪሙ ጊዜ ካጣ ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ የሁለት ነገሮችን መጣላት በመረጃ ቋት ፈልጎ ማየት የሱ ሙያ ነው። የምትወስዱትን ሁሉ፣ ኪኒኑንም ቅጠሉንም፣ ከነመጠኑ አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ሜቶትሬክሴት የምትወስዱ ከሆነ ከስሙ አጠገብ «በሳምንት አንድ ቀን ብቻ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ፤ በስህተት በየቀኑ የዋጡት ሰዎች ሞተዋልና።